«ፖለቲካል ሳይንስ የዕዳ ዲግሪ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖሩ ወላጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስለ ፖለቲካል ሳይንስ ዲግሪ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዲግሪው ልጆችን ዕዳ ውስጥ ይከታል፤ የመነሻ ደመወዙ ዕዳውን አይችለውም፤ ተመራቂው ሥራ አያገኝም፤ ስለዚህ ልጅዎን ወደ ነርሲንግ ወይም ወደ ኮምፒውተር ይመልሱት። ልጁ አሻፈረኝ ካለ ግን ቢያንስ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይግባ፣ የጎደለውን ወላጅ ይበደርለት፤ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ሲጨርስ ሁሉም ይከፈላል። ካልሆነም «ፖለቲካል ሳይንቲስት» ሆኖ በዓመት 139 ሺህ ዶላር ያገኛል ይላሉ።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ግማሽ ከሚገባው በላይ ያስፈራል። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ መፍራት በሚገባን ቦታ ላይ ያጽናናል። ቤት የሚያናጋው ይሄኛው ስለሆነ ምላሻችንም እዚያ ላይ ይበረታል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የወለድ መጠኖቹም የ2025–26 የትምህርት ዘመን ናቸው።

ዕዳውን የሚያመጣው የትምህርቱ ዓይነት ነው ስለመባሉ

የፌዴራል መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲያበድር ተማሪውን ምን ታጠናለህ ብሎ አይጠይቅም። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በስሙ መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው እስከ 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እስከ 7,500 ዶላር ነው። የአራቱ ዓመት ድምር 27,000 ይመጣል። ነርሲንግ ላጠናችውም ልጅ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ላጠናውም ልጅ ጣሪያው አንድ ነው። ከዚህ ውስጥ እስከ 19,000 የሚደርሰው ልጁ ተማሪ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንለት ሊሆን ይችላል፤ በቀሪው 8,000 ላይ ግን ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 6.39 በመቶ ይቆጥራል። ወለዱ ሳይከፈል ከቆየ፣ ከተመረቀ በኋላ የሚሰጠው የስድስት ወር ፋታ ሲያበቃ ዕዳው 28,500 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቀላል ገንዘብ ነው አንልም፤ ጽሑፉ የሚያወራለት የመቶ ሺዎች ገደል ግን አይደለም።

ታዲያ የመቶ ሺውና የመቶ ሃምሳ ሺው ዕዳ ከየት ይመጣል? ከወላጅ ብድር፣ ከግል ባንክ ብድርና ከሁለተኛ ዲግሪ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስተጀርባ ያለው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ዋጋ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ የግዛቱ ነዋሪ ለትምህርትና ለአገልግሎት የሚከፍለው በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ ተማሪ ከ40 ሺህ በላይ ይከፍላል። ዲሲ ውስጥ ካሉት ታዋቂ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ ለትምህርት ክፍያ ብቻ ከ65 ሺህ በላይ ይጠይቃሉ። ስለ ኮንግረስ አሠራር የሚሰጠው ኮርስ በሦስቱም ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ አሠሪ የሚፈልገው ስታቲስቲክስም እንዲሁ።

ከዚህም የሚወርድ መንገድ አለ። ሁለቱን ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለቱን ዓመት ዩኒቨርሲቲ። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የሚል መርሐ ግብር አለው፤ በሜሪላንድ በኩል የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚሻገሩበት ስምምነት አለ። ይህ መንገድ የሚበላሸው ክሬዲት ሲሻገር ነው። ዩኒቨርሲቲው «ኮርሱን ተቀብያለሁ» ካለ ወላጅ እፎይ ይላል፤ ነገር ግን ኮርሱ የተቆጠረው ለዋናው ትምህርት ሳይሆን እንዲሁ በምርጫ ኮርስነት (በኤሌክቲቭነት) ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ይቀመጣል፤ በርካሽ የጀመረው መንገድ ይወደዳል። በሜሪላንድ «አርትሲስ» የሚባለው የዝውውር ማመሳከሪያ እያንዳንዱ ኮርስ በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በምን እንደሚቆጠር ያሳያል። ከመመዝገብ በፊት ማየት ነው፣ ከተማሩ በኋላ አይደለም። ለፖለቲካል ሳይንስ በተለይ መጣራት ያለባቸው ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና የውጭ ቋንቋ ናቸው።

ጸሐፊው ዋጋ ሲሉ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ነው የወሰዱት። ቤተሰብ የሚከፍለው ግን የተጣራውን ነው፤ የተጣራውን ለማወቅ ደግሞ የዕርዳታ ደብዳቤውን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ ጠቅላላ ወጪ 88,000። ቀጥሎ «የተሰጠዎት ዕርዳታ» በሚል ርእስ ሥር የዩኒቨርሲቲው ግራንት 34,000፣ ፔል የሚባለው የፌዴራል ግራንት 7,395፣ ወርክ ስተዲ 3,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ብድር 38,105። ከታች ቀሪ፦ ዜሮ። «እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉንም ሸፈኑልን» ብሎ የሚፈርም ወላጅ ብዙ ነው። በነጻ የተሰጠው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ብቻ፣ 41,395 ዶላር ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ካልሠራ የለም። የተቀሩት ሁለቱ ዕዳ ናቸው። የተጣራው ዋጋ በዓመት 46,605 ዶላር፣ በአራት ዓመት ዋጋው ባይጨምር እንኳ 186,420 መሆኑ ነው። ጂ.ኤ.ኦ. የተባለው የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ግምት 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች በዕርዳታ ደብዳቤያቸው ላይ የተጣራውን ዋጋ ወይ አይጽፉትም ወይ አሳንሰው ይጽፉታል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ እስክሪብቶ ይዞ ብድሩንና ወርክ ስተዲውን መሰረዝ፣ የቀረውን ከጠቅላላ ወጪው ላይ መቀነስ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ፋፍሳ ስለሚባለው የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጽ። «ገቢያችን ብዙ ነው፣ አይሰጡንም» ብለው ቅጹን የማይሞሉ ቤተሰቦች አሉ። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ወላጅ ፋፍሳ ላይ የሚታይበት በእጁ የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ የታክስ ቅጽ ላይ የቀረው ትርፍ ነው። አነስተኛ የቤተሰብ ንግድ ያለውም ቢሆን፣ ከ2026–27 ጀምሮ ንግዱ እንደ ሀብት መቆጠሩ ቀርቶለታል። በአንጻሩ ሁለት ልጆች ባንድ ጊዜ ኮሌጅ ሲገቡ ይገኝ የነበረው ቅናሽ ከ2024–25 ጀምሮ ከፌዴራሉ ቀመር ወጥቷል፤ በዚያ ተስፋ ያደረገ ቤተሰብ ስሌቱን ይከልስ። የሜሪላንድን የግዛት ግራንት የሚፈልግ ደግሞ ቅጹን እስከ ማርች 1 ማስገባት አለበት።

የመነሻ ደመወዙ ዕዳውን አይችለውም ስለመባሉ

ይህ በስሌት የሚፈታ ነው፤ ጸሐፊው ግን አላሰሉትም። ለስሌት ያህል ተመራቂው በዓመት 48,000 ዶላር የሚከፈለው ሥራ ያዘ እንበል። ዕዳው 28,500፣ ወለዱ 6.39 በመቶ። በአሥር ዓመት ለመጨረስ በወር 322 ዶላር ይከፍላል፤ ከጠቅላላ ደመወዙ 8 በመቶ ገደማ ነው። ይጫናል፣ ግን ይከፈላል።

በ2025 ጁላይ 4 የተፈረመው ሕግ ይህን ስሌት ቀይሮታል፤ ጽሑፉ ይህንን ፈጽሞ አላነሳም። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚወሰድ አዲስ ብድር መደበኛው የመክፈያ ጊዜ በዕዳው መጠን ይወሰናል። ከ25,000 በታች ከሆነ 10 ዓመት፣ ከ25,000 እስከ 50,000 ከሆነ 15 ዓመት፣ ከዚያ እስከ 100,000 ድረስ 20 ዓመት፣ ከዚያ በላይ 25 ዓመት። የእኛ ተመራቂ በ15 ዓመት ቢከፍል ወርኃዊው ወደ 247 ዝቅ ይላል፤ በድምሩ ግን በአሥር ዓመት ከሚከፍለው 5,700 ዶላር ያህል ይበልጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ነው። ቶሎ ለመክፈል ግን ቅጣት የለም፤ ከተጠየቀው በላይ የሚልክ ሰው ትርፉ ከፍተኛ ወለድ ካለበት ብድር ላይ እንዲቀነስለት ለብድር አስተዳዳሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አለዚያ ትርፉ ለቀጣዩ ወር ቅድሚያ ክፍያ ሆኖ ሊያዝ ይችላል።

ሌላው አማራጭ «ራፕ» የሚባለው በገቢ ላይ የተመሠረተ አከፋፈል ነው። ከ40,001 እስከ 50,000 ዶላር የተስተካከለ ዓመታዊ ገቢ ያለው 4 በመቶ ይከፍላል፤ ከዚያ በየ10 ሺው አንድ በመቶ ይጨምርና ከ100 ሺህ በላይ 10 በመቶ ላይ ይቆማል። በ48,000 በወር 160 ዶላር ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 152 ያህሉን ወለድ ይበላዋል፤ ሕጉ ግን ዋናው ዕዳ በወር 50 ዶላር እንዲቀንስ የጎደለውን መንግሥት እንዲሞላ ያደርጋል። መሰናክሉ መስመሩ ላይ ነው። ገቢው 50,000 የሆነ ሰው በወር 167 ሲከፍል 50,001 የሆነው 208 ይከፍላል። የአንድ ዶላር ጭማሪ የዓመቱን ክፍያ 500 ዶላር ያሳድጋል ማለት ነው። መስመሩ ላይ የቆመ ሠራተኛ በአሠሪው በኩል ከግብር በፊት ለጡረታ የሚያስቀምጠውን ጥቂት ከፍ ቢያደርግ ገቢው ከመስመሩ በታች ይወርዳል፤ ገንዘቡም የራሱ ሆኖ ይቀመጥለታል። የራፕ ቀሪ ዕዳ የሚሰረዘው ከ30 ዓመት በኋላ ስለሆነ ስረዛውን ተስፋ አድርጎ መግባት አያዋጣም።

ለፖለቲካል ሳይንስ ተመራቂ ከሁሉም የሚጠቅመው በ2007 የወጣው የሕዝብ አገልግሎት የብድር ስረዛ ነው። ለፌዴራል፣ ለግዛት፣ ለካውንቲ ወይም 501 ሲ 3 ለሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል። ራፕ ላይ የከፈለውም ይቆጠርለታል። መርሐ ግብሩ መጀመሪያ ማመልከቻ በተቀበለባቸው ዓመታት ከመቶው 99 ያህሉ ውድቅ ይደረግ ነበር፤ ምክንያቱ የብድሩ ዓይነት ወይም የአከፋፈል ዕቅዱ የማይፈቀድ መሆኑ፣ ወይም 120ው አለመሙላቱ ነበር። መድኃኒቱ የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጹን አሥር ዓመት ጠብቆ ሳይሆን በየዓመቱና ሥራ በተቀየረ ቁጥር ማስገባት ነው። የተቆጠረው ወር ስንት እንደሆነ ያኔውኑ ይታወቃል፤ ስሕተትም ካለ ትዝታው ሳይጠፋ ይታረማል።

ተመራቂው ሥራ አያገኝም ስለመባሉ

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ግማሹን እንሰጣለን። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየትምህርቱ የሚያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው ከ22 እስከ 27 ዓመት ካሉ የፖለቲካል ሳይንስ ተመራቂዎች ግማሽ ያህሉ የሚሠሩት ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በነርሲንግ ይህ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ልጁ ወደ ነርሲንግ ልቡ ካዘነበለ የሚከለክለው ምክንያት የለም። ወደ ኮምፒውተር ይመልሱት የሚለው ምክር ግን ጊዜው አልፎበታል። በዚያው መረጃ በ2023 የኮምፒውተር ሳይንስ ወጣት ተመራቂዎች ሥራ አጥነት 6.1 በመቶ፣ የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ 7.5 በመቶ ነበር።

ግማሹ ለምን ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ ይቀራል? ዋናው ምክንያት በዲግሪው ውስጥ የሚመረጡት ኮርሶች ናቸው። አንድ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ የንድፈ ሐሳብና የታሪክ ድርሰት እየጻፈ ሊጨርስ ይችላል፤ ጓደኛው በዚያው ትምህርት ክፍል ሁለት የስታቲስቲክስ ኮርስ፣ አንድ ኢኮኖሜትሪክስና አንድ የካርታ መረጃ ኮርስ ወስዶ በ«አር» ወይም በ«ስታታ» ዳታ መተንተን ችሎ ይወጣል። የሁለቱ ዲፕሎማ አንድ ነው፤ ካውንቲው የበጀት ተንታኝ ሲፈልግ፣ የጥናት ድርጅት ዳታ የሚያጸዳ ሲቀጥር የሚጠራው ሁለተኛው ነው። ብዙ ልጆች «ሒሳብ ሸሽቼ ነው የመጣሁት» እያሉ የምርምር ዘዴና የስታቲስቲክስ ኮርሱን እስከ አራተኛ ዓመት ያዘገዩታል። በሁለተኛ ዓመት መወሰድ አለበት፤ የሦስተኛ ዓመት ክረምት ኢንተርንሺፕ ሲያመለክቱ የሚያሳዩት ነገር እንዲኖራቸው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በአናፖሊስ ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ90 ቀን ይቀመጣል፤ የሕግ ረቂቅ የሚከታተል፣ የአንድ ገጽ ማስታወሻ የሚጽፍ ተማሪ እዚያ የሚያገኘው ልምድ ካፒቶል ሂል ላይ ስልክ ከማንሣት ይበልጣል።

ጸሐፊው ደመወዝ ሲጠቅሱ የወሰዱት ኮሌጅ ስኮርካርድ ከተባለው የመንግሥት ገጽ ይመስላል። ጠቃሚ ገጽ ነው፣ ሲያነቡት ግን ሦስት ነገር ይታወቅ። ደመወዙ የተሰላው የፌዴራል ዕርዳታ በወሰዱ ተመራቂዎች ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት ላይ ያለ ሰው ከስሌቱ ይወጣል፤ በፖለቲካል ሳይንስ ደግሞ ብዙው ሎው ስኩልና ማስተርስ የሚገባ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር የሚናገረው ስለ ቀሩት ነው። ሦስተኛ፣ እዚያ የሚታየው የተማሪ ዕዳ የግል ባንክንም የወላጅንም ብድር አይጨምርም። በአንዳንድ ውድ ዩኒቨርሲቲ ዕዳው ትንሽ መስሎ የሚታየው በወላጅ ስም ስለተቀመጠ ነው።

የፌዴራል ሥራ ስለመጥበቡ የጻፉት እውነት ነው። በ2025 ቅጥር ታገደ፣ ብዙ ሠራተኛ ተሰናበተ፣ ማስተርስ የያዙ ወጣቶች ይገቡበት የነበረው የፕሬዚዳንታዊ ማኔጅመንት ፌሎውስ መርሐ ግብር ተዘጋ፣ ዩ.ኤስ.ኤይድ ፈረሰ። ጂ.ኤስ. በሚባለው የፌዴራል የደመወዝ እርከን፣ በዲሲ አካባቢ በ2025 ስኬል ጂ.ኤስ. 5 በ46 ሺህ፣ ጂ.ኤስ. 7 በ57 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የሚጀምረው። የ11 ሺህ ዶላሩን ልዩነት የሚያመጣው አንዱ ነገር አማካይ ውጤት 3.0 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው፤ በ2.94 የተመረቀ ልጅ በዚህ በር በቀጥታ ጂ.ኤስ. 7 አይገባም። ለእኛ ቤተሰቦች የሚጨመር ሌላም አለ፦ ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ፋፍሳ ሞልቶ ብድርና ፔል ማግኘት ይችላል፣ ለአብዛኛው የፌዴራል ቅጥር ግን ዜግነት ይጠየቃል። ለዜግነት ማመልከት የሚችልበት ጊዜ የደረሰ ልጅ እስከ ምርቃት ሊጠብቅ አይገባም። ቲ.ፒ.ኤስ. (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ ያለው ደግሞ ከፌዴራሉ የትምህርት ዕርዳታ ውጪ ነው፤ እሱ የሚያየው ግዛቱ የሚሰጠውን ነው።

ካውንቲ፣ ከተማ አስተዳደርና የግዛት መሥሪያ ቤት ግን አሉ። ማስተማርም አለ፤ በሜሪላንድ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ የመምህራን የመነሻ ደመወዝ ወደ 60 ሺህ ዶላር እንዲደርስ ተደንግጓል። የማስተማር ፈቃድ የሚያስገኙትን ኮርሶች ከዲግሪው ጋር አጣምሮ መያዝ ከተመረቁ በኋላ ከመጀመር በብዙ ይረክሳል።

የጎደለውን ወላጅ ይበደርለት ስለመባሉ

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ምክር ይህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የወጪ መጋራት ቅጽ ፈርሞ የተማረ ወላጅ የመንግሥት ብድር ሲባል የሚመጣለት ልጁ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ አሥር በመቶ የሚቆረጥበት አሠራር ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌዴራሉ የወላጅ ብድር እንዲህ አይደለም። ዕዳው የልጁ አይደለም፣ የፈረመው ወላጅ ነው። ልጁ ቢመረቅም፣ ጥሩ ደመወዝ ቢያገኝም መንግሥት ስሙን አያዛውረውም። ወለዱ 8.94 በመቶ ሲሆን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል፤ በዚያ ላይ 4.228 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ገንዘቡ ዩኒቨርሲቲው ሳይደርስ ይቆረጣል። ብድሩ ሲፈቀድ የሚታየው መጥፎ የክሬዲት ታሪክ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ወላጁ መክፈል ይችላል ወይ ተብሎ ገቢው አይመዘንም። «ፈቀዱልኝ፣ እችላለሁ ማለት ነው» የሚለው ግምት ከዚህ ይነሣል።

አዲሱ ሕግ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላ 65,000 ዶላር የሚል ጣሪያ አስቀምጧል። ጣሪያው ድረስ የሄደን ወላጅ እንከተል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሃያ ሃያ ሺህ፣ በአራተኛው አምስት ሺህ። ከ65,000ው ለአገልግሎት 2,748 ተቆርጦ ዩኒቨርሲቲው የሚደርሰው 62,252 ነው። ወላጁ «ልጄ ይጨርስና እጀምራለሁ» ብሎ ክፍያውን ቢያቆይ፣ እስከ ስድስት ወሩ ፋታ መጨረሻ ከ19,400 ዶላር በላይ ወለድ ይከማችና ዋናው ላይ ይደመራል። ዕዳው 84,400 ሆኖ ይጀምራል። በ20 ዓመት መርሐ ግብር በወር 756 ዶላር፣ በድምሩ ከ181 ሺህ በላይ ይከፈላል። ፊርማው ሲፈረም 48 ዓመት የነበረ አባት ሲጨርስ 72 አልፎታል። ለአዲስ የወላጅ ብድር ራፕ አይፈቀድም፤ በገቢ ልክ ልክፈል ማለት የለም። ክፍያው ከተቋረጠ መንግሥት የታክስ ተመላሹን መያዝ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታም መቁረጥ የሚችልበት ሕግ አለው።

ጣሪያው ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ቀደም ባየነው ደብዳቤ ላይ የወላጅ ብድር ተብሎ 38,105 ተጽፎ ነበር። በአዲሱ ሕግ ከዚያ 20,000 ብቻ ይፈቀድና 18,105 ዶላር ክፍት ይቀራል። ያኔ የሚቀርበው የግል ባንክ ብድር ነው፣ ወላጅ ኮሳይን የሚያደርግበት፣ ማለትም አብሮ ፈርሞ ዋስ የሚሆንበት። የኮሳይን ዋስትና ከአገር ቤቱ የዕቁብ ዋስ የጠበቀ ነው፤ ልጁ አንድ ወር ሲያዘገይ የወላጁ ክሬዲት ይጎዳል፣ ባንኩም ልጁን ሳይጠብቅ ወላጁን መጠየቅ ይችላል። ራፕም የሕዝብ አገልግሎት ስረዛም እዚህ አይሠሩም። ከኮሳይነርነት የሚወጣበት አንቀጽ ውሉ ላይ ካለ ስንት ተከታታይ ክፍያ እንደሚጠይቅና ልጁ ብቻውን ምን ያህል ገቢ ማሳየት እንዳለበት ከመፈረም በፊት ማንበብ ይገባል።

ጥቂት ሰው የሚያውቀው አንድ መንገድ አለ። ወላጅ ለፓረንት ፕላስ አመልክቶ በክሬዲት ታሪኩ ምክንያት ከተከለከለ፣ ልጁ በራሱ ስም ተጨማሪ መበደር ይፈቀድለታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 4,000፣ ከዚያ በኋላ 5,000 ዶላር በዓመት። ወለዱ የተማሪው 6.39 ነው፣ አከፋፈሉም በገቢ ልክ ሊሆን ይችላል። የክልከላውን ደብዳቤ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መስጠት ብቻ ነው። አንዳንድ ወላጅ ሲከለከል አፍሮ ዝም ይላል፤ ደብዳቤው ግን ለልጁ የሚጠቅም ወረቀት ነው።

ሎው ስኩል ሁሉንም ይከፍላል ስለመባሉ

የአዲስ ጠበቃ ደመወዝ ሲሣል ሁለት ጉብታ ያለው ግመል ይመስላል። አንዱ ጉብታ ትልልቆቹ ድርጅቶች ለመጀመሪያ ዓመት የሚከፍሉት 225,000 ዶላር ነው። ሌላው ከ60 እስከ 90 ሺህ ባለው ላይ ያርፋል፤ የመንግሥት፣ የነጻ ሕግ አገልግሎትና የትናንሽ ቢሮዎች ጠበቆች ያሉት እዚያ ነው። በመካከል ያለው «አማካይ» ብዙ ሰው የማይቆምበት ቁጥር ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት አማካዩን ነው።

ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው ወሰን የለሽ ብድር ቀርቷል። ለሎው ስኩል የፌዴራሉ ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ነው። በፐብሊክ ፖሊሲ ወይም በኢንተርናሽናል ጉዳዮች ማስተርስ ለሚሠራ ደግሞ በዓመት 20,500 ብቻ ነው፤ በሁለት ዓመት 41,000። ዲሲ ውስጥ ያሉ የግል ማስተርስ ፕሮግራሞች ከዚህ እጥፍ በላይ ያስወጣሉ፤ ልዩነቱ እንደገና ወደ ግል ባንክና ወደ ወላጅ ፊርማ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ አሠሪ በከፊል እየከፈለ ማታ መማር የሚቻልባቸው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች እያሉ ከምርቃት ማግስት መግባት አያስፈልግም።

ሎው ስኩል የሚመርጥ ተማሪ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በደንብ 509 መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን ሰነድ ይክፈት። እዚያ ሁለት ነገር ይፈልግ፦ ስንት ተማሪ የተነጠቀበት ሁኔታዊ ስኮላርሺፕ እንዳለና ተማሪዎች በእርግጥ ምን ያህል ግራንት እንደሚያገኙ። ሁኔታዊ ስኮላርሺፕ ማለት አማካይ ውጤቱ ከተቀመጠው መስመር ሲወርድ የሚነሣ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት በኮታ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ደግሞ የግድ የተወሰነ ሰው ከመስመሩ በታች ይወድቃል። ከሰነዱ ጎን የሥራ ሪፖርቱ አለ፤ እሱ ላይ መታየት ያለበት ከምርቃት አሥር ወር በኋላ ቋሚ፣ የሙሉ ጊዜና የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ የያዙት ቁጥር ብቻ ነው።

139 ሺህ ዶላር ስለሚያገኘው ፖለቲካል ሳይንቲስት

ቁጥሩ ትክክል ነው። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 ለፖለቲካል ሳይንቲስቶች ያስቀመጠው መካከለኛ ደመወዝ 139,380 ነው። ይህን ማዕረግ ይዘው የሚሠሩት ግን በመላ አገሪቱ ከ7 ሺህ አይበልጡም፤ ብዙዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነበሩ፣ መግቢያውም ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ደመወዝ አድርጎ ለወላጅ ማቅረብ ስሕተት ነው። ያንን መንገድ የሚፈልግ ልጅ በፖለቲካል ሳይንስ ጥሩ የዶክትሬት ፕሮግራሞች የትምህርቱን ክፍያ ሰርዘው የኑሮ አበል እንደሚከፍሉ ይወቅ፤ ክፈል የሚል የመቀበያ ደብዳቤ ከመጣለት ቦታውን ትቶ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያመልክት።